በካታሎግ የሚመረጥ ዓይን፦ የኢንዶስኮፕ ካሜራ መመዘኛዎች ሲመዘኑ

በላፓሮስኮፒ የሐሞት ከረጢት በሚወጣበት ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ መቀሱን ከመዝጋቱ በፊት የሚያየው በሽተኛውን ሳይሆን ሞኒተሩን ነው። በመቀሱ አፍ ውስጥ የገባው ቱቦ የሐሞት ከረጢቱ የራሱ ቱቦ ይሁን፣ ወይስ ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደው ዋናው የሐሞት ቱቦ፣ በጣቱ ዳብሶ ማረጋገጥ አይችልም። በእጁ ያለው መረጃ በመስታወት ዘንግ፣ በካሜራና በገመድ ተላልፎ ስክሪኑ ላይ የወደቀው ምስል ብቻ ነው። መቀሱ የተሳሳተውን ቱቦ ከቆረጠ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድኖ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይገባው የነበረ ሰው ለሐሞት መፍሰስ፣ ለዓይን ቢጫነትና ለተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም ለሞት ይዳረጋል።

ይህን ያህል ኃላፊነት የተሸከመ መሣሪያ በብዙ ሆስፒታሎች የሚመረጠው ግን ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ የፒክስል ቁጥር ይሰፍራል። ቀጥሎ የካሜራው ቺፕ ዓይነት፣ የሞኒተሩ ስፋትና የመቅጃው አቅም ይከተላሉ፤ በመጨረሻ ዋጋው ይመጣል። የጨረታ ሰነዱ ራሱ ከአንድ አምራች ካታሎግ ቃል በቃል የሚቀዳበት ጊዜም አለ፤ እንዲህ ሲሆን ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አልቋል። ሰንጠረዡ የማይጠይቀው፣ ካሜራው በተገዛ በሦስተኛው ዓመት፣ በዕለቱ ሦስተኛ በሽተኛ ሆድ ውስጥ ምን ያሳያል የሚለውን ነው። ሂስ የሚገባውም ይኸው ዝምታ ነው።

ዓይን ከቱቦው ወደ ስክሪኑ

ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤዩስ እ.ኤ.አ. በ1910 የሰውን ሆድ በቱቦ ውስጥ መመልከት እንደሚቻል ባሳወቀ ጊዜ መሣሪያው ለምርመራ እንጂ ለቀዶ ሕክምና የሚበቃ አልነበረም። ለረጅም ዘመን ዋነኛው እንቅፋት ብርሃን ነበር። ቀጫጭን ሌንሶች በረጅም ባዶ ቱቦ ውስጥ ተደርድረው የሚሠራው የቀድሞው ቴሌስኮፕ ከተቀበለው ብርሃን አብዛኛውን መንገድ ላይ ያስቀረው ነበር። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1959 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐሳብ ነገሩን ገለበጠው፤ ትናንሽ ሌንሶችን በአየር መካከል ከመደርደር ይልቅ ቱቦውን በረጃጅም የመስታወት ዘንጎች ሞልቶ በመካከላቸው ጠባብ የአየር ክፍተት መተው ነው። የካርል ስቶርዝ ድርጅት በ1960ዎቹ ሐሳቡን ወደ ምርት ለወጠው። ዛሬ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ የሚታየው ጠጣር ቴሌስኮፕ አብዛኛው አሁንም የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ጀርመናዊው የማኅፀን ሐኪም ኩርት ዜም እ.ኤ.አ. በ1980 ትርፍ አንጀትን፣ የአገሩ ሰው ኤሪክ ሙኼ ደግሞ በ1985 የሐሞት ከረጢትን በዚህ መንገድ አወጡ። ሁለቱም በወቅቱ ከሙያ ባልደረቦቻቸው ያገኙት ምስጋና ሳይሆን ነቀፋ ነበር። ነገሩን ለብዙኃኑ የከፈተው በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የተፈለሰፈው ሲሲዲ የተባለ ብርሃን ተቀባይ ቺፕ ነው፤ ይህ ቺፕ በ1980ዎቹ አጋማሽ በቴሌስኮፑ ጫፍ በሚገጠም ትንሽ ካሜራ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት በቱቦው የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ረዳቱ፣ ነርሷና የሰመመን ባለሙያው ሁሉ አንድ ምስል አብረው ያዩ ጀመር፤ ረዳቱም በሁለት እጁ ማገዝ ቻለ። የቀዶ ሐኪሙ ዓይን ግን በዚያው ቀን የግዢ ክፍል ጉዳይ ሆነ።

ምስሉ የሚሸከመው ሸክም ምን ያህል እንደሆነ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በሎውረንስ ዌይና በባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ነው። ጥናቱ 252 የሐሞት ቱቦ ጉዳቶችን መርምሮ፣ ከመቶ 97ቱ ጉዳቶች ከእጅ ችሎታ ማነስ ሳይሆን ከዓይን ማታለል የመነጩ መሆናቸውን አመለከተ። ቀዶ ሐኪሙ ዋናውን ቱቦ የሐሞት ከረጢቱ ቱቦ አድርጎ አየው፤ እንዲያ ካየው በኋላም እጁ ያየውን በትክክል ቆረጠ። ለካሜራ ሻጭ ይህ ግኝት ጥሩ ማስታወቂያ ይመስላል፤ «ያልታየው በተሻለ ካሜራ ይታያል» ያሰኛል። ጥናቱ የሚለው ግን ይህን አይደለም። ምስሉ ጥርት ብሎ እያለም አእምሮ የሚጠብቀውን ሊያይ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ስትራስበርግ እ.ኤ.አ. በ1995 ያስተዋወቀው ሥርዓት ነው። በጉበቱና በሐሞት ከረጢቱ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ከስብና ከጅማት ይጸዳል፣ የከረጢቱ የታችኛው ሲሶ ከጉበቱ ይላቀቃል፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸው ከፊትም ከኋላም ይታያል፤ ከዚያ በፊት አይቆረጥም።

እንግዲህ ካሜራው የሚመዘነው ይህን ሥርዓት ለመፈጸም በሚያስችለው መጠን ነው። ሥርዓቱ የሚፈልገው በጥልቁ ሦስት ማዕዘን ውስጥ በቂ ብርሃን፣ ቢጫውን ስብ ከነጣው ቱቦና ከቀላው ደም ቅዳ የሚለይ እውነተኛ ቀለም፣ ከፊትም ከኋላም ለማየት የሚያስችል 30 ዲግሪ ያዘነበለ ቴሌስኮፕ፣ እንዲሁም በመካከሉ የማይቋረጥ ምስል ነው። ከእነዚህ አንዱም በፒክስል ቁጥር አይገለጽም።

የቁጥር ሩጫ

ለመሆኑ የፒክስል ቁጥር ምን ይነግራል? ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል 1920 በ1080፣ ማለትም ወደ 2.1 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160፣ ማለትም ወደ 8.3 ሚሊዮን ነጥቦች ይይዛል። በወረቀት ላይ አራት እጥፍ ነው። በዓይን ላይ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማየት በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል የሚያህል ማዕዘን ያስፈልገዋል። በ26 ኢንች ሞኒተር ላይ የሙሉ ኤችዲ አንድ ነጥብ ስፋቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ነጥብ ዓይን ለይቶ የሚያየው እስከ አንድ ሜትር ርቀት ድረስ ብቻ ነው። ሞኒተሩ ከበሽተኛው ማዶ፣ በጋሪ ላይ፣ ከቀዶ ሐኪሙ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ርቆ በሚቆምበት ክፍል ውስጥ ተጨማሪዎቹ ስድስት ሚሊዮን ነጥቦች ተከፍሎባቸው የማይታዩ ናቸው። በ55 ኢንች ሞኒተር ላይ ግን ወሰኑ ወደ 2.2 ሜትር ይርቃል፤ እዚያ 4ኬ ትርጉም አለው። ስለዚህ 4ኬ ካሜራን ከ26 ኢንች ሞኒተር ጋር አጣምሮ የሚያቀርብ ሰነድ የተጻፈው የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በሜትር ባልለካ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላም ዋጋ አለው። ቺፑ በስፋቱ ካልጨመረ፣ ነጥቦቹ አራት እጥፍ ሲሆኑ እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ይሆናል። መሣሪያው ጉድለቱን በኤሌክትሮኒክስ አጉልቶ ለመሙላት ይሞክራል፤ ውጤቱ በተለይ በጨለማው የምስሉ ክፍል እንደ አሸዋ ብናኝ የሚርመሰመስ ነው። ጥሩ አምራቾች ይህን በተሻለ ቺፕና በጠንካራ የብርሃን ምንጭ ይቋቋሙታል። ነገር ግን አዲሱ ካሜራ ከአሮጌ የብርሃን ምንጭ ጋር እንዲሠራ የሚገዛ ሆስፒታል ከቀድሞው የከፋ ምስል ሊያገኝ ይችላል፤ ሲያገኝም ወቀሳው በካሜራው ላይ ይወድቃል።

ስለ ቀለም ከተነሣ፣ ሦስት ቺፕ ያለው ካሜራ ብርሃኑን በፕሪዝም ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከፍሎ ለየራሳቸው ቺፕ ይሰጣል። አንድ ቺፕ ያለው ግን በነጥቦቹ ላይ በተነጠፈ የቀለም ማጣሪያ ይሠራና የጎደለውን በግምት ይሞላል። ሁሉ ነገር ቀይ በሆነበት የሰው ሆድ ውስጥ የመጀመሪያው ብልጫ ለረጅም ጊዜ ጉልህ ነበር። የአንድ ቺፕ ካሜራዎች በዚህ ረገድ በእጅጉ ስለተሻሻሉ ልዩነቱ ጠቧል፤ «ሦስት ቺፕ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ መወሰንም ያው የሰንጠረዥ ልማድ ነው።

ማንም የማያየው ገመድ

ምስል ሰንሰለት ነው። ከብርሃን ምንጩ ይነሣል፣ በብርሃን ገመዱ ወደ ቴሌስኮፑ ይሄዳል፣ ከአካል ላይ ተንጸባርቆ በዘንጎቹ ይመለሳል፣ በካሜራው ራስ ላይ ይወድቃል፣ በካሜራው ገመድ ወደ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሞኒተሩ ይወጣል። ምስሉ ከሰንሰለቱ ደካማ ቀለበት የተሻለ ሊሆን አይችልም። በካታሎጉ ሽፋን ላይ የሚወጡት ግን ሁለቱ ቀለበቶች ናቸው፤ ካሜራውና ሞኒተሩ።

ከሁሉ የተረሳው የብርሃን ገመዱ ነው። በውስጡ እጅግ ብዙ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች አሉ። ገመዱ በጠባቡ በተጠቀለለ፣ በጋሪ ጎማ በተረገጠ፣ ወይም ከመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ጋር በተጋጨ ቁጥር የተወሰኑ ክሮች ይሰበራሉ። መሰበራቸው ከውጭ አይታይም፤ ገመዱም መሥራቱን አያቆምም፤ ብርሃኑ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል እንጂ። ለውጡ ቀስ ያለ ስለሆነ የለመደ ዓይን አያስተውለውም። ቀዶ ሐኪሙ «ካሜራው አረጀ» ይላል፤ አስተዳደሩም አዲስ ካሜራ ለመግዛት በጀት ይጠይቃል፤ የተበላሸው ግን ከሥርዓቱ ዋጋ ኢምንት የሆነው ገመድ ነው። በሙያው የተለመደው መመሪያ ከክሮቹ ሩብ ያህሉ ሲሰበር ገመዱ ይለወጥ ይላል። በግዢ ሰነድ ውስጥ ግን ተጠባባቂ ገመድ የሚጠየቀው ስንት ጊዜ ነው?

የብርሃን ምንጩም እንደዚሁ ነው። ለዓመታት መለኪያ የነበረው ባለ 300 ዋት ዜኖን መብራት ለቀን ብርሃን የቀረበ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ የአምፖሉ ዕድሜ ግን ወደ 500 ሰዓት ነው። በሳምንት 25 ሰዓት የሚሠራ ክፍል በአምስት ወር ውስጥ ይጨርሰዋል፤ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት አምፖል ይፈልጋል ማለት ነው። አምፖሉ ዕድሜው ካለፈ በኋላም ይበራል፤ ብርሃኑ ይደክማል፣ ቀለሙም ይለወጣል እንጂ። ለኤልኢዲ ምንጮች አምራቾቹ የሚሰጡት ዕድሜ 30,000 ሰዓት ያህል ነው፤ በዚያው አሠራር ሲሰላ ከመሣሪያው ራሱ ዕድሜ ይበልጣል። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጓጉዞ፣ በጉምሩክ አልፎ በሚደርስበት አገር ይህ ልዩነት ከፒክስል ልዩነት ይበልጣል። ዋጋው መጀመሪያ ላይ ቢከብድም እንኳ ምርጫው ኤልኢዲ መሆን አለበት።

ቴሌስኮፑም የራሱ ሕግ አለው። የ5 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከ10 ሚሊ ሜትሩ ያነሰ ብርሃን ያስተላልፋል፤ ለሕፃናትና ለጠባብ ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ ለሁሉ ነገር ግን አይበቃም። ሆድ ውስጥ ደም በፈሰሰ ጊዜ፣ ማለትም ብርሃን ከምንም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ደሙ ብርሃኑን ስለሚውጥ ምስሉ ይጨልማል። በንጹሕ ሆድ ውስጥ የበቃ ብርሃን በዚያች ደቂቃ አይበቃም።

የሠርቶ ማሳያው ነገር

ሰንጠረዡ ያልመለሰውን ጥያቄ ሠርቶ ማሳያው ይመልሰዋል ተብሎ ይታሰባል። ልማዱ የታወቀ ነው፤ የሻጩ ወኪል አዲስ ቴሌስኮፕ፣ አዲስ ገመድና የተወለወለ ሞኒተር ይዞ ይመጣል፤ ካሜራውን በመዳፉ ላይ ወይም በብር ኖት ላይ ያነጣጥራል፤ በስብሰባ አዳራሹ ያሉት ሁሉ የኖቱን ጥቃቅን መስመሮች አይተው ይደነቃሉ። ነገር ግን መዳፍ ደም አይፈስበትም፣ የብር ኖትም ጥልቀት የለውም። ዲያተርሚ ጭስ አያወጣበትም፤ ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃት ሆድ የገባ ሌንስ የሚያመጣው ጉም አይታይበትም። ብርሃን ሁሉን በእኩል በሚደርስበት ጠፍጣፋ ነገር ላይ የማያምር ካሜራ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ የሚሻለው ፈተና ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የተዘጋ ካርቶን ውስጡ በጥቁር ቀይ ጨርቅ ይለበድና በውስጡ በተለያየ ርቀት ባለመስመር ወረቀት ይቀመጣል፤ ቴሌስኮፑ በቀዳዳ ገብቶ ከ3 ሴንቲ ሜትርም ከ12 ሴንቲ ሜትርም ይታያል። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ ልዩነቱ እዚህ ይጋለጣል። የሚያብረቀርቅ የብረት መቆንጠጫ በምስሉ መሐል ሲገባ አንዳንድ ካሜራዎች ነጸብራቁን ለመቀነስ ሲሉ ከብረቱ ጀርባ ያለውን ሁሉ ያጨልማሉ፤ ሦስት ማዕዘኑ የሚጠፋው እንዲህ ነው። መቆንጠጫው በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ምስሉ ከእጅ ዘግይቶ የሚከተል መሆን አለመሆኑም በዚያው ይታያል። በመጨረሻም ሶኬቱ ይነቀልና መልሶ ይሰካ፤ ምስሉ እስኪመለስ የሚያልፉት ሰከንዶች ይቆጠሩ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ከሁሉ የሚያስፈራው ቁጥር ነው፤ ክሊፕ ሊገባ ሲል የጠፋ ምስል አንድ ደቂቃ ከወሰደበት ደቂቃዋ ረጅም ናት። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ካሜራውን፣ የብርሃን ምንጩንና ሞኒተሩን የሚይዝ ዩፒኤስ የሥርዓቱ አካል ሆኖ ካልተገዛ፣ ሥርዓቱ ጎዶሎ ነው።

ፈተናው በሆስፒታሉ የራሱ ቴሌስኮፕና ገመድ ቢደገም ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የቴሌስኮፕ የዓይን ጫፍ በአብዛኛው በአንድ ልክ ስለሚሠራ የአንዱ አምራች ቴሌስኮፕ በሌላው ካሜራ ራስ ላይ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። የብርሃን ገመድም በማገናኛ ይለመዳል። የካሜራው ራስና የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ግን እንዲህ አይደሉም፤ ራሱ ከተበላሸ ከዚያው አምራች፣ ብዙ ጊዜም ከዚያው ሞዴል ውጭ መተካት አይቻልም። ገዢው ለዓመታት የሚታሰረው በዚህች አንዲት መገጣጠሚያ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ዋነኛ ጥያቄ፣ ሞዴሉ ማምረት ከቆመ በኋላ ራሱና ገመዱ ለስንት ዓመት ይቀርባሉ የሚለው ሆኖ መልሱ በውል ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ሌላው ከሠርቶ ማሳያው የሚቀር ጉዳይ እጥበት ነው። በአንድ ቴሌስኮፕ በቀን ስንት በሽተኛ ይታከማል? መልሱ የሚገኘው ከካሜራው ሳይሆን ከማምከኛው ክፍል ነው። በ134 ዲግሪ አውቶክሌቭ የሚችል ቴሌስኮፕ በቶሎ ይመለሳል። ሙቀት የማይችለው በ2 ከመቶ ግሉታራልዲሃይድ ውስጥ ይነከራል፤ 20 ደቂቃ ለከፍተኛ ደረጃ ፀረ ተሕዋስያን ጽዳት ይበቃል ቢባልም፣ ለሙሉ ማምከን የሚያስፈልገው 10 ሰዓት ነው። ሰዓት በጠበበበት ቀን የሚሸነፈው የትኛው እንደሆነ በቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ባለ 4ኬ ካሜራ ከአንድ ቴሌስኮፕ ጋር ከመግዛት፣ ባለ ሙሉ ኤችዲ ካሜራ ከሦስት አውቶክሌቭ ከሚችሉ ቴሌስኮፖች ጋር መግዛት ለበሽተኛው የበለጠ ደኅንነት ነው። የካሜራው ራስ በጸዳ የፕላስቲክ እጅጌ ተሸፍኖ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የእጅጌው አቅርቦት ከቃጫ ክርና ከጓንት እኩል ታስቦ ይያዝ፤ እጅጌ ሲጠፋ ካሜራው በመድኃኒት ይነከራል፣ ለመነከር ያልተሠራ ራስም ውሃ ያስገባል።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰዎች፣ ማለትም መሣሪያውን የምታጥበው ነርስና የሚጠግነው የባዮሜዲካል ባለሙያ፣ በመራጭ ኮሚቴው ውስጥ እምብዛም አይገኙም። ቢገኙም የሚጠየቁት ፊርማ ነው።

በስጦታ የመጣ፣ በርካሽ የተሠራ

በስጦታ የሚመጣው መሣሪያ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ነጻ ይመስላል፤ ፈረስ በስጦታ ሲመጣ ጥርሱን መቁጠር ነውር ነው ባይባልም፣ ልማዱ ግን እንደዚያው ነው። ፔሪና ማልኪን እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት በ16 አገሮች የሚገኙ 112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን ዝርዝር መርምሮ ከመቶ 38 ያህሉ ከሥራ ውጭ መሆናቸውን አግኝቷል። ምክንያት ሆነው የቀረቡት የሥልጠና፣ የመሣሪያ አስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለቶች ናቸው። ካሜራ ለዚህ ዕጣ ከሌላው መሣሪያ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱም አልጋ ወይም መብራት በግማሽ ሊሠራ ይችላል፣ ሰንሰለት ግን አንድ ቀለበት ሲጎድለው ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ሳጥኑ መጥቶ ራሱ ያልመጣ፣ ወይም ለ110 ቮልት ተሠርቶ 220 ቮልት አገር የገባ ስጦታ መጋዘን ከመሙላት በቀር ፋይዳ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው የሕክምና መሣሪያ ስጦታ መመሪያ ተቀባዩ የማይፈልገውን እንዲመልስ መብት የሰጠውም በከንቱ አይደለም።

በሌላው ጫፍ ያለው መፍትሔም ሂስ ያስፈልገዋል። የካሜራው ዋጋ ሲከብድ በቤት ቴሌቪዥንና በተራ ካሜራ መሥራት የተሞከረባቸው ቦታዎች አሉ፤ ብልኃቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና አይኢሲ 60601-1 የተባለው የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደረጃ የተጻፈው ሆዱ የተከፈተ፣ ራሱን የሳተና እርጥብ የሆነ ሰው ከሌላው ይበልጥ ለኤሌክትሪክ ንዝረት ስለሚጋለጥ ነው፤ የቤት ቴሌቪዥን ለዚህ አልተሠራም። ቀለሙም ለፊልም እንጂ ለጉበት አልተስተካከለም። ከዚህ የሚለየው ለችግሩ ታስቦ ከመነሻው የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ኪስኮፕ ካሜራውን በቱቦው ጫፍ አድርጎ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል፤ የተለየ የብርሃን ምንጭና ገመድ አያስፈልገውም። ሰንሰለቱን ማጠናከር ሳይሆን ማሳጠር ነው። የምስል ጥራቱ ከታላላቆቹ ጋር ባይወዳደር እንኳ፣ የቀለበቶቹን ቁጥር መቀነስ ከትልልቆቹ ድርጅቶች የሠርቶ ማሳያ አዳራሽ ያልወጣ ሐሳብ ነው።

ባለ ሦስት አውታር ምስል ለስፌት ይረዳል፤ ለመጀመሪያ ግዢ ግን አንገብጋቢ አይደለም። ከአዳዲሶቹ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው በኢንዶሳያኒን ግሪን ቀለምና ለዓይን በማይታይ ብርሃን የሚሠራው ነው። ቀለሙ አስቀድሞ በደም ሥር ይሰጣል፣ ጉበት ወደ ሐሞት ያስወጣዋል፣ ቱቦዎቹም በስብ ተሸፍነው ሳሉ ያበራሉ። ይህ ስለ ቱቦዎቹ አዲስ መረጃ ይጨምራል፤ 4ኬ ግን ያለውን መረጃ ያደቅቃል። ሆኖም ቀለሙ በየጊዜው ካልተገዛ፣ ለእርሱ የተከፈለው ገንዘብ የሳጥኑ ፊት ላይ ያለ አንድ ቁልፍ ሆኖ ይቀራል።

የጨረታ ሰነዱ ሊቀየር የሚችለው በጥቂት ገጾች ነው። ዋጋው የአንድ ቀን ሳይሆን የስድስት ዓመት ሆኖ ይቅረብ፤ አምፖል፣ ሁለት ተጠባባቂ የብርሃን ገመድ፣ አንድ ተጠባባቂ የካሜራ ራስ፣ እጅጌ፣ ዩፒኤስና የጥገና ሥልጠና በአንድ ድምር ይግቡ፤ ድምሩም ሥርዓቱ ይሠራቸዋል ተብሎ ለሚጠበቀው የቀዶ ሕክምና ብዛት ይካፈል። ብልሽት ሲደርስ ምትክ ራስ በስንት ቀን እንደሚደርስና ቢዘገይ የሚከፈለው ቅጣት ይጻፍ። ርክክቡ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ በሆስፒታሉ ሶኬት ይሁን። ለነርሷም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚሞላ አንድ መዝገብ ይሰጣት፤ ገመዱ ከታጠበ በኋላ አንዱ ጫፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይያዛል፣ በሌላው ጫፍ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች ይቆጠራሉ፣ ቁጥሩና ቀኑ ይጻፋሉ።